አንድ ጠርሙስ ግላይሲን፣ ብዙ ሥራ፦ ባፈር ለሚያዘጋጁ ሁሉ

የፕሮቲን ሥራ በሚሠራበት ላብራቶሪ ግላይሲን አይጠፋም። ነጭ ዱቄት ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ኬሚካሎች አንጻር ቀላል ነው። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ትኩረት የማይሰጠው። ተማሪው ከቀደመው ተማሪ የወረሰውን ፕሮቶኮል ያወጣል፣ የተጻፈውን ግራም ይመዝናል፣ ውሃ ውስጥ ይጨምራል፣ አለቀ። ግላይሲኑ ለምን እዚያ እንደገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄው መልስ ያስፈልገዋል። ግላይሲን የኤሌክትሪክ ቻርጁን እንደ ፒኤቹ (እንደ ፈሳሹ የአሲድነት መጠን) የሚቀያይር ሞለኪውል ነው። ይህን የተረዳ ሰው ፕሮቶኮሉ ሲበላሽ የት ጋ እንደተበላሸ ያውቃል። ያልተረዳ ሰው ጄሉ (ፕሮቲን በኤሌክትሪክ የሚለይበት ለስላሳ ንጣፍ) ሲጣመም ፕሮቲኑን ይወቅሳል፣ ማሽኑን ይወቅሳል፣ መብራቱን ይወቅሳል።

ሌላም ምክንያት አለ። አገር ቤት ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከውጭ የሚመጣ ሪኤጀንት ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ያውቀዋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ባፈር (ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚይዝ ሶሉሽን) ደግሞ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። 1 ኪሎ የግላይሲን ዱቄት ካላችሁ ግን ወደ 69 ሊትር የሚጠጋ ራኒንግ ባፈር (ጄሉ ካረንት ሲለቀቅበት የሚሞላው ባፈር) ይወጣዋል። ስለዚህ ራስን ችሎ ማዘጋጀቱ ያዋጣል።

መጀመሪያ ሌብሉን አንብቡ

ግላይሲን ፕሮቲን ከሚሠሩት አሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ነው። የሞለኪውል ክብደቱ 75.07 ነው። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው። መጀመሪያ ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ብራኮኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1820 ጄላቲንን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር አፍልቶ አወጣው። ጣፋጭ ስለነበረ የጄላቲን ስኳር ብሎ ጠራው። ጄላቲን የሚሠራው ከኮላጅን ነው። በኮላጅን ውስጥ ደግሞ ከሦስት አሚኖ አሲዶች አንዱ ገደማ ግላይሲን ነው። (ጣፋጭ ነው ስላልኩ ማንም እንዳይቀምስ። የላብራቶሪ ጠርሙስ ማንኪያው የት የት እንደገባ አይታወቅም።)

ጠርሙሱን ስታነሱ ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ስሙ ግላይሲን ብቻ ነው ወይስ ግላይሲን ሃይድሮክሎራይድ? ሁለተኛው የአሲድ ጨው ነው። ክብደቱ 111.53 ነው። በዓይን አይለይም። ለጄል ባፈር ከተጠቀማችሁበት ሥራው ገና ሳይጀመር ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ ሌሎች አሚኖ አሲዶች ስማቸው ፊት ኤል ወይም ዲ የሚል ፊደል አላቸው። ግላይሲን የለውም። መካከለኛው ካርቦኑ ሁለት ሃይድሮጅን ስለያዘ የግራና የቀኝ ቅርጽ የለውም። የግዥ ፎርም ላይ "ኤል ግላይሲን" ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ግዥ ክፍሉን ከማደናገር ውጪ የሚሠራው ሥራ የለም።

ሦስተኛ፣ የጥራት ደረጃው። ለጄልና ለትራንስፈር (ፕሮቲንን ከጄሉ ወደ ሜምብሬን ለማሸጋገር) 99 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ንጹሕ የሆነው ይበቃል። ለሴልና ለአንቲቦዲ ሥራ ግን ለሞለኪውላር ባዮሎጂ ወይም ለሴል ካልቸር ተብሎ የተዘጋጀውን ያዙ። ለስፖርተኞች በቆርቆሮ የሚሸጠው ግላይሲን የላብራቶሪውን ቦታ አይተካም። ምን እንደተጨመረበት የሚመሰክርላችሁ የጥራት ወረቀት የለውም።

ያረጀ ጠርሙስ አግኝታችሁ ከተጠራጠራችሁ ቀላል መፈተሻ አለ። 7.5 ግራም መዝናችሁ በውሃ አሟሙና 100 ሚሊ ሊትር አድርሱት። ይህ 1 ሞላር ነው። ጥርት ያለና ቀለም የሌለው መሆን አለበት። ፒኤቹ 6 አካባቢ ከሆነ መልካም። ከ2 በታች ከወረደ በእጃችሁ ያለው የአሲድ ጨው ነው። ዱቄቱ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ገብቶበታል፤ የምትመዝኑት ውሃ ጭምር ነው ማለት ነው። የታሸገና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ግላይሲን ግን ለዓመታት አይበላሽም።

ቻርጁን ተረዱት፣ ሌላው ይቀላል

ግላይሲን ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ የአሲድ ጫፍ ነው፣ ፒኬኤው (ግማሹ ፕሮቶኑን የሚለቅበት ፒኤች) 2.34። ሌላው የአሚን ጫፍ ነው፣ ፒኬኤው 9.60። ፒኤቹ በጣም ዝቅ ሲል ሁለቱም ጫፎች ፕሮቶን ስለሚይዙ ሞለኪውሉ ፖዘቲቭ ይሆናል። ፒኤቹ በጣም ሲጨምር ሁለቱም ፕሮቶናቸውን ስለሚለቁ ኔጋቲቭ ይሆናል። በመሃል አንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆንና ድምሩ ዜሮ ይመጣል። ድምሩ ዜሮ የሆነ ሞለኪውል በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ወዴትም አይሄድም፤ ካረንትም አይሸከምም።

የዚህን ነገር ጥቅም ከላብራቶሪ ውጪም ታገኙታላችሁ። በፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጊዜ ሐኪሙ በኤሌክትሪክ በሚቆርጥ መሣሪያ ሲሠራ ቦታውን በ1.5 በመቶ የግላይሲን ሶሉሽን የማጠብ ልማድ አለ። የጨው ውሃ ቢሆን ካረንቱን ይበትነው ነበር። ግላይሲን አይበትነውም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ማሳሰቢያ አለ። ግላይሲን ባፈር ሆኖ የሚሠራው በሁለቱ ፒኬኤዎቹ አካባቢ ብቻ ነው። ይኸውም በግምት ከ1.5 እስከ 3.3 እና ከ8.6 እስከ 10.6 ባለው ክልል ነው። ፒኤች 7 ላይ ግላይሲን ባፈር አይደለም። "የግላይሲን ባፈር፣ ፒኤች 7.4" የሚል ጠርሙስ ካያችሁ ፒኤቹን የያዘው ሌላ ነገር መሆን አለበት። ሌላ ከሌለበት ቁጥሩን አትመኑት።

የጋራ ስቶክ፦ 10 እጥፍ ትሪስ ግላይሲን

ብዙ ላብራቶሪዎች ለራኒንግ ባፈርና ለትራንስፈር ባፈር ሁለት የተለያየ ስቶክ (በኋላ በውሃ የሚቀጠን ወፍራም ሶሉሽን) ያዘጋጃሉ። እኔ አንድ ይበቃል ባይ ነኝ። ትሪስ የሚባለው የባፈር ኬሚካልና ግላይሲን ያሉበት፣ ኤስዲኤስ (ፕሮቲንን ዘርግቶ ኔጋቲቭ የሚያደርግ ሳሙና መሰል ኬሚካል) የሌለበት ስቶክ አዘጋጁ። ኤስዲኤሱን ለጄል በሚውለው ላይ ብቻ፣ በዕለቱ ጨምሩ። ጠርሙሱ አረፋ አይሞላም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥም ነጭ ዝቃጭ አይወርድበትም።

ለ1 ሊትር የሚያስፈልጋችሁ 30.3 ግራም ትሪስ ቤዝ፣ 144 ግራም ግላይሲንና ዲስቲልድ ወይም ዲአዮናይዝድ ውሃ ነው።

1. ትልቅ ቢከር ውስጥ 700 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አድርጉ። ከመጀመሪያው አንድ ሊትር እንዳትሞሉ። ከ170 ግራም በላይ ዱቄት ሲገባ ራሱ ቦታ ይይዛል።

2. ማግኔቱን ጨምራችሁ ስተረሩን አስነሱ። መጀመሪያ ትሪሱን ጨምሩ፣ ሲሟሟ ግላይሲኑን ቀስ እያላችሁ አስከትሉ።

3. ቢከሩ በእጅ ሲነካ እየቀዘቀዘ ይመጣል። ግላይሲን ሲሟሟ ሙቀት ይወስዳል፤ ችግር የለውም። ቶሎ ካልሟሟ ለብ ወዳለ ሙቀት አምጡት እንጂ አታፍሉት። በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውሃ በሊትር 250 ግራም ያህል ግላይሲን ስለሚያሟሟ 144 ግራሙ ምንም አይከብደውም።

4. ሲጠራ ወደ መለኪያ ሲሊንደር ገልብጡት። ቢከሩን በትንሽ ውሃ አለቅልቃችሁ እሱንም ጨምሩ። ከዚያ ውሃ ጨምራችሁ 1 ሊትር አድርሱት።

5. ጠርሙሱ ላይ ስሙን፣ 10 እጥፍ መሆኑን፣ ቀኑንና የእናንተን ስም ጻፉ።

አሁን 100 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በውሃ 1 ሊትር ካደረጋችሁት 25 ሚሊሞላር ትሪስና 192 ሚሊሞላር ግላይሲን ይሆናል። ፒኤቹን ለኩ። ወደ 8.3 ይጠጋል።

ለኩ አልኩ እንጂ አስተካክሉ አላልኩም። ትሪስ ቤዝ ፕሮቶን ይፈልጋል፣ ግላይሲን ፕሮቶን አለው። በዚህ መጠን ሲገናኙ ራሳቸው ተስማምተው 8.3 ላይ ይቆማሉ። መጠኑ የተመረጠው ለዚህ ነው። ሜትሩ 8.2 ወይም 8.5 ቢያሳይ ተዉት። ትሪስ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 0.03 ያህል ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ ይወጣል። ከፍሪጅ ያወጣችሁትን ለክታችሁ ከፍ ቢልባችሁ አትደንግጡ።

ከ6 በታች ከወረደ ግን በትሪስ ቤዝ ፋንታ ትሪስ ሃይድሮክሎራይድ መዝናችኋል ማለት ነው። እሱን ለማዳን አትሞክሩ። ድፉትና እንደገና ጀምሩ።

ራኒንግ ባፈር፣ አሲድ የማይጨመርበት ምክንያት

ለ1 ሊትር፦ 100 ሚሊ ሊትር ከስቶኩ፣ 890 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በመጨረሻ 10 ሚሊ ሊትር ከ10 በመቶ ኤስዲኤስ። ኤስዲኤሱን መጨረሻ ላይ መጨመሩ አረፋውን ይቀንሳል። በቀስታ አገላብጡ እንጂ አትናጡት። የኤስዲኤሱን ዱቄት ስትመዝኑ ማስክ አድርጉ፤ ብናኙ ሳንባ ያስቆጣል። ፖታሲየም ያለበትን ማንኛውንም ነገር ከኤስዲኤስ ጋር አታገናኙ፤ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ፒኤቹን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ "ማስተካከል" በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ሰው የሚሳሳተው በጥንቃቄ ነው፤ ሜትሩ 8.5 ሲል 8.3 ካልሆነ ብሎ ጠብታ አሲድ ይጨምራል። ምን እንደሚበላሽ ለማየት ጄሉ ውስጥ የሚካሄደውን መከተል ያስፈልጋል።

ዛሬም የምንጠቀምበት አሠራር ኡልሪክ ሌምሊ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ነው። ሐሳቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ኦርንስታይንና ዴቪስ ካቀረቡት የዲስክ ኤሌክትሮፎሬሲስ (ፕሮቲንን በኤሌክትሪክ የመለየት ዘዴ) ይነሳል። ጄሉ ሁለት ክፍል አለው። ላይኛው ስታኪንግ ጄል ፒኤቹ 6.8 ነው። ታችኛው ሪዞልቪንግ ጄል 8.8። ሁለቱም ጄሎች የተሠሩት በትሪስ ሃይድሮክሎራይድ ስለሆነ በውስጣቸው ክሎራይድ አለ። ላይ የምናፈስሰው ራኒንግ ባፈር ውስጥ ግን ክሎራይድ የለም፤ ያለው ግላይሲን ነው።

በባፈሩ 8.3 ላይ ከግላይሲኑ 5 በመቶ ያህሉ ኔጋቲቭ ነው። ካረንት ስትለቁ ወደ ስታኪንግ ጄሉ ይገባል። እዚያ ግን ፒኤቹ 6.8 ነው። ኔጋቲቭ የሆነው ድርሻ ከ0.2 በመቶ በታች ይወርዳል። ግላይሲኑ በአንድ ጊዜ ቀርፋፋ ይሆናል። ክሎራይዱ ግን ቻርጁ ስለማይለወጥ ከፊት ከፊት ይሮጣል። በፈጣኑ ክሎራይድና በቀርፋፋው ግላይሲን መካከል ቮልቴጁ በጣም ከፍ ያለበት ጠባብ ክፍተት ይፈጠራል። ፕሮቲኖቹ በሙሉ እዚያ ክፍተት ውስጥ ተጨምቀው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይሠራሉ። የሳምፕሉ ቁመት በቀዳዳው ውስጥ ብዙ ሚሊ ሜትር ቢሆንም ወደ ታችኛው ጄል የሚገባው በዚያ ቀጭን መስመር ነው። ባንዱ ጥርት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሪዞልቪንግ ጄሉ ላይ ሲደርስ ፒኤቹ 8.8 ይሆናል። ኔጋቲቭ የሆነው ግላይሲን ድርሻ ወደ 14 በመቶ ይወጣል። ግላይሲኑ ፍጥነቱን ያገኝና ፕሮቲኖቹን አልፏቸው ይሄዳል። ፕሮቲኖቹ ብቻቸውን ይቀሩና በመጠናቸው መለያየት ይጀምራሉ።

እንግዲህ ራኒንግ ባፈሩ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስትጨምሩ ምን እያደረጋችሁ ነው? ከኋላ መገኘት የሌለበትን ክሎራይድ ከኋላ እየጨመራችሁ ነው። ቀርፋፋው ተከታይ ከፈጣኑ ጋር ይቀላቀላል። ጭምቁ ይላላል፣ ባንዱ ይወፍራል። ካረንቱ ይጨምራል፣ ጄሉ ይሞቃል፣ ባንዶቹ ፈገግታ እንደሚመስል ቅስት ይጎብጣሉ። ሁሉም የመጣው 0.2 የፒኤች ልዩነት ለማስተካከል ነው። ሪዞልቪንግና ስታኪንግ ጄል የሚሠራባቸውን የትሪስ ባፈሮች ግን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማስተካከል ግድ ነው። ክሎራይዱ የሚፈለገው እዚያ ነው።

ሳምፕል ስለማፍላትም አንድ ነገር ልበል። ፕሮቶኮሎች 95 ዲግሪ ይላሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ክፍት የውሃ ባዝ 95 አይደርስም፤ ምንም ብትጠብቁ አይደርስም። ድራይ ብሎክ 95 ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ሳምፕሉ ራሱ ስለሚፈላ የቱቦው ክዳን ይፈናጠራል። 90 ዲግሪ ላይ አድርጉ፣ ጊዜውን ትንሽ አስረዝሙ፣ መቆለፊያ ክዳን ተጠቀሙ። ሳምፕሉ ውስጥ ያሉት ኤስዲኤሱና መርካፕቶኤታኖሉ (የፕሮቲንን የሰልፈር ማሰሪያ የሚፈታው) በዚያ ሙቀት ሥራቸውን ይሠራሉ።

ባፈር ለመቆጠብ የምትፈልጉ የጄል ማሽኑን ውስጠኛ ክፍል ሁልጊዜ በአዲስ ሙሉ። የተጠቀማችሁበትን ለውጭኛው ክፍል አንድ ሁለት ጊዜ መድገም ይቻላል።

ትራንስፈር ባፈር

የቶውቢንና የባልደረቦቹ አሠራር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም። ለ1 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ከዚያው ስቶክ፣ 700 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከዚያ 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ሜታኖል ስቶኩ ላይ በቀጥታ ከፈሰሰ ግላይሲኑ ሊዘቅጥ ይችላል፤ አልኮል ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ሲቀላቀል ይሞቃል፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ አዘጋጁና ፍሪጅ አስገቡት። ሜታኖል መርዝ ነው፤ ይቀጣጠላልም። ፊውም ሁድ ውስጥ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ።

ሜታኖሉ ኤስዲኤሱን ከፕሮቲኑ ላይ እንዲላቀቅ ይረዳል፤ ፕሮቲኑ ሜምብሬኑ ላይ እንዲይዝም ያግዛል። ፕሮቲናችሁ በጣም ትልቅ ከሆነ ግን ሜታኖሉን ወደ 10 በመቶ ቀንሱና ትንሽ ኤስዲኤስ ጨምሩ፤ አለበለዚያ ጄሉ ውስጥ ይቀራል። እዚህም ፒኤች አታስተካክሉ። አሲድ ስትጨምሩ የሚጨምረው ካረንቱና ሙቀቱ ነው።

ኢሉሽን ባፈር፦ አንቲቦዲን ከኮለም ማስለቀቅ

እዚህ ታሪኩ ይገለበጣል። ፒኤቹን ማስተካከል ግድ የሚሆንበት ሥራ ይህ ነው።

አንቲቦዲ ከፕሮቲን ኤ ወይም ከፕሮቲን ጂ ኮለም (አንቲቦዲን የሚይዝ ፕሮቲን የተለጠፈበት ሙሌት ያለው ቱቦ) ጋር ገለልተኛ ፒኤች ላይ ጠብቆ ይያዛል። ፒኤቹ ወደ 2.7 ሲወርድ ይለቃል። ግላይሲን የተመረጠው የአሲድ ጫፉ ፒኬኤ 2.34 ስለሆነ፣ እዚያ አካባቢ ጥሩ ባፈር በመሆኑ ነው።

1. 0.75 ግራም ግላይሲን በ80 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ።

2. የፒኤች ሜትሩን በ4 እና በ7 ካሊብሬት አድርጉ። በ7 እና በ10 ብቻ ካሊብሬት የተደረገ ሜትር እዚህ ታች ላይ ያሳስታችኋል።

3. 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ እየጨመራችሁ 2.7 አድርሱት። 3 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይፈጃል፤ ሒሳቡ 3.2 ይላል። በጣም ብዙ ወይም በጣም ጥቂት ከፈጀ አንዱ ነገር ተሳስቷል፤ ወይ ሚዛኑ ወይ አሲዱ ወይ ሜትሩ።

4. በውሃ 100 ሚሊ ሊትር አድርሱና በ0.22 ማይክሮ ሜትር ፊልተር አጣሩ።

ኮለሙ ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት የመቀበያ ቱቦዎቹን አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ቱቦ 1 ሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 9.0 አስቀድማችሁ አስቀምጡ። ለ1 ሚሊ ሊትር ፍራክሽን (በአንድ ቱቦ የሚሰበሰብ ፈሳሽ) 50 ማይክሮ ሊትር ብታደርጉ ፒኤቹ ወደ 7.6 ይመጣል፤ 100 ብታደርጉ ወደ 8.2። አንቲቦዲው ከኮለሙ ወርዶ በቀጥታ ወደ ትሪሱ ይግባ። "ሁሉንም ከሰበሰብኩ በኋላ አስተካክላለሁ" አትበሉ። በአሲድ ውስጥ የቆየ አንቲቦዲ ይጓጉላል። ከተጓጎለ በኋላ የሚመልሰው ትሪስ የለም። አንድ ጠብታ በፒኤች ወረቀት ላይ አይታችሁ አረጋግጡ።

ግላይሲን 280 ናኖ ሜትር ላይ ብርሃን አይመጥም። ስለዚህ የፕሮቲኑን መጠን በስፔክትሮፎቶሜትር ወዲያው ማንበብ ትችላላችሁ። ብላንኩ (የዜሮ ማነጻጸሪያው) ግን ውሃ ሳይሆን ያው ኢሉሽን ባፈር ከትሪሱ ጋር በተመሳሳይ መጠን የተቀላቀለ ይሁን።

አንቲቦዲው ላይ ቀለም ወይም ባዮቲን ለመለጠፍ ካሰባችሁ መጀመሪያ ዳያላይዝ አድርጉ (ትንንሾቹን ሞለኪውሎች በሚያሳልፍ ከረጢት አስወግዱ)። የምትለጥፉት ኬሚካል የሚፈልገው የአሚን ጫፍ ነው። ግላይሲንም ትሪስም አሚን አላቸው። በብዛትም ስለሚበልጡ ቀለሙን እነሱ ይጨርሱታል።

ፎርማልዴሃይድን ለማስቆም

ግላይሲን አሚን ስላለው አንቲቦዲው ላይ የሚያበላሸው ነገር እዚህ ይጠቅማል። ሴል በፎርማልዴሃይድ ሲያያዝ ምላሹ በጊዜው መቆም አለበት። ትርፍ ግላይሲን ስትጨምሩ ፎርማልዴሃይዱ በእሱ ላይ ይጠመዳል።

ስቶኩ 2.5 ሞላር ነው፤ 18.8 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር። ይህን ፍሪጅ አታስገቡት። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግላይሲን ያን ያህል አይሟሟም፤ ጠዋት ስትመጡ ታቹ ክሪስታል ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ላይ ላዩን ቀድታችሁ ከተጠቀማችሁ መጠኑ አይታወቅም። ክሪስታል ካያችሁ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፣ ከዚያ ተጠቀሙ።

በክሮማቲን (ዲኤንኤና የያዙት ፕሮቲኖች) ሥራ የተለመደው መጨረሻ መጠን 125 ሚሊሞላር ነው። ለ10 ሚሊ ሊትር ሴል ግማሽ ሚሊ ሊትር ከፍ የሚል፣ ትክክለኛው 0.53 ሚሊ ሊትር ነው። 5 ደቂቃ እያወዛወዛችሁ አቆዩት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው ባፈር) እጠቡ። ስላይድ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ሴሉን በፓራፎርማልዴሃይድ ካያያዛችሁ በኋላ 0.1 ሞላር ግላይሲን በፒቢኤስ 10 ደቂቃ ብታስቀምጡ የጀርባ ብርሃኑ ይቀንሳል።

ሜምብሬን ለመንቀል

አንዱን አንቲቦዲ ከሜምብሬኑ ላይ አንስቶ ሌላ ለመሞከር ለስለስ ያለው አማራጭ ይህ ነው፦ 15 ግራም ግላይሲን፣ 1 ግራም ኤስዲኤስ፣ 10 ሚሊ ሊትር ትዊን 20፣ በአሲድ ፒኤች 2.2 ተደርጎ 1 ሊትር። ሁለት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በፒቢኤስና በቲቢኤስ ትዊን (ትዊን 20 ያለበት የትሪስ ጨው ባፈር) አለቅልቁና እንደገና ብሎክ አድርጉ (የሜምብሬኑን ባዶ ቦታ በፕሮቲን ሸፍኑ)። የነቀላችሁት በእርግጥ መነቀሉን ለማየት ሰከንደሪውን አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን አንቲቦዲ የሚይዘውን) እና የብርሃን ሪኤጀንቱን ብቻ ጨምራችሁ ፎቶ አንሡ። ትንሽም ቢሆን ፕሮቲን አብሮ ስለሚነቀል ከተነቀለ ሜምብሬን ላይ መጠን ማነጻጸር አልወድም። አለ ወይስ የለም ለማለት ግን ይበቃል።

አቀማመጥና አወጋገድ

ግላይሲን ለእኛ ሪኤጀንት ነው፤ ለባክቴሪያና ለሻጋታ ግን ናይትሮጅን ያለበት ምግብ ነው። የተቀጠነ ባፈር ጠረጴዛ ላይ ሳምንታት ሲቆይ ደመና የሚመስል ነገር ይንሳፈፍበታል። ያን ጊዜ ማጣራት ሳይሆን መድፋት ነው። 10 እጥፉ ስቶክ በክፍል ሙቀት ብዙ ይቆያል። የተቀጠነውን ግን ለሳምንቱ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ አዘጋጁ። ለሴል የሚውለውን በ0.22 ፊልተር አጣርታችሁ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሉት፤ አንድ ቱቦ ቢበከል ሌላው ይተርፋል።

ትሪስና ግላይሲን ብቻ ያለበት ባፈር የላብራቶሪያችሁ ደንብ ከፈቀደ በብዙ ውሃ ወደ ሲንክ ሊደፋ ይችላል። ሜታኖል ያለበት ትራንስፈር ባፈር ግን ወደ ሲንክ አይሄድም፤ ለኦርጋኒክ ሶልቨንት በተለየው ጀሪካን ይከማች። ፎርማልዴሃይድ የነካው ለብቻው፣ በሌላ ጀሪካን። ሁለቱን ጀሪካኖች በጉልህ ጻፉባቸው፣ ክዳናቸውንም ዝጉ፤ ማታ ላብራቶሪውን የሚያጸዱት ሠራተኞች ምን እንዳለበት ማወቅ አለባቸው።